«ኦርጅናል ነው?» ስለ ማርካና ስለ ደንበኝነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀን ቀን ኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ማታ ደሴ ገብቼ አድራለሁ። ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ 14 ዓመት አልፎኛል። ከዚያ በፊት የእናቴ የሱቅ ተላላኪ ነበርኩ፤ እሱም ሥራ ከተባለ። ገዢውም፣ ጎረቤቱም፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውም ስለ ማርካ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሰብሰብ አድርጌ መልሻለሁ።

ማርካ፣ ብራንድ፣ የንግድ ምልክት... ልዩነት አላቸው?

ያው ናቸው። ወጣቱ ብራንድ ይላል። ሕጉ የንግድ ምልክት ይለዋል፤ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ስለሱ የወጣ ነው። የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ይጠበቃል፣ ከዚያ ይታደሳል። ጋራዥ አካባቢ ያለን ሰዎች ግን ከጣሊያን የተረፈንን «ማርካ» አልተውንም። ካንዴላና ኩሽኔታ ሲል የዋለ ሰው ብራንድ ቢል ያስቃል። እናቴ ከሦስቱ አንዱንም አትልም። «የድሮውን ስጠኝ» ነው የምትለው። ባለሱቁ ይገባዋል።

ሰው አንድ ማርካ ላይ ለምን ሙጭጭ ይላል?

ብዙ ሰው ፍቅር ይመስለዋል። እኔ ፍርሃት ነው እላለሁ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል እንወርዳለን። ጭነት የያዘ አይሱዙ ከፊታችሁ ካለ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ይገባል። ያንን ሽታ ያወቀ ሹፌር ስለ ፍሬን ሸራ ማርካ ሲሟገት ብትሰሙ አትፍረዱበት። እስካሁን ያልከዳውን ይዞ ይኖራል። አንዴ ለአንድ ጎልማሳ ሹፌር በግማሽ ዋጋ ሌላ አሳየሁት። ካርቶኑን ገለበጠ፣ ሸራውን አወጣ፣ በጥፍሩ ጫር አደረገው፣ አሸተተው። ከዚያ በሁለት ጣቱ ወደኔ ገፋ አድርጎ «አብሽር፣ ይቺን ለባላንጣህ ሽጥለት» አለኝ።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለውን ተረት መጀመሪያ የተረተው ሰው አንድ ነገር ገዝቶ የተቃጠለ መሆን አለበት።

ሳሙናና ሻይ ላይ ፍርሃቱ ያንሳል፤ ግን አለ። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ለሙከራ የሚያወጣው ትርፍ ብር የለውም። አዲሱ ሳሙና አረፋ አላወጣ ካለ እስከ ወሩ መጨረሻ በዚያው ነው።

ቶዮታ ለምን እንዲህ ይወደዳል?

የማይበላሽ መኪና የለም፤ ቢኖር እኔ እንጀራ አልበላም ነበር። ነገሩ ያለው ከተበላሸ በኋላ ነው። ሐይቅ ላይ ቢቆም፣ ባቲ ላይ ቢቆም፣ ወልድያ ላይ ቢቆም የመሪውን ቴስቲና ፈትቶ የሚያውቅ መካኒክ አይጠፋም። ካንዴላውም ከሆነ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። መሸጥ ሲያስፈልግ ደግሞ ገዢው በስልክ ነው የሚጨርሰው። ዶልፊን ወይም አባዱላ የገዛ ሰው መካኒኩን፣ መለዋወጫውን፣ የነገውን ገዢ ሁሉ አብሮ ገዝቷል። አዲስ ማርካ በጣም ሸጋ መኪና ቢሠራ እንኳ ይሄን ሁሉ በመርከብ ጭኖ ሊያመጣ አይችልም። ዓመታት ይፈጃል።

አሁን ግን ነገሩ ነቅነቅ ብሏል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ «ቶዮታ ነው ወይስ ሌላ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ቻይናው የኤሌክትሪክ መኪና «ቢዋይዲው እንዴት ነው?» ወደሚል እየተቀየረ ነው። አንድ ደንበኛዬ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ሊያሳየኝ መጣ። ወደ ደሴ ሲወጣ ባትሪውን ይጠጣዋል፤ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የተወሰነውን ይመልሳል፤ መኪናውንም ስለሚይዘው ፍሬን ብዙ አይነካም። ይሄን ሲነግረኝ ፊቱ በርቷል። እኔ ደግሞ ዞር ብዬ የፍሬን ሸራ መደርደሪያዬን አየሁት።

ኦርጅናልና ፎርጅድ እንዴት ይለያል?

«ኦርጅናል ነው?» የሚለውን በቀን ስንቴ እንደምሰማው አልቆጠርኩም። የሁሉም ሻጭ መልስ «አዎ» ስለሆነ ጥያቄው ራሱ ብዙ አይጠቅምም። እኛ ዘንድ ደረጃ አለ፦ ኦርጅናል፣ ታይዋን፣ ቻይና። ታይዋን የተባለው እውነት ከታይዋን ይምጣ አይምጣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ «መካከለኛ» ማለት ነው። ቻይናም ቢሆን እኮ ደህናም ክፉም ይሠራል። ሌብነቱ ያለው ቻይናውን ጃፓን ካርቶን ውስጥ ከትቶ በጃፓን ዋጋ መሸጥ ላይ ነው።

እኔ የምመክረው አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ እንድትመጡ ነው። ደህና መካኒክ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አሮጌውን ኩሽኔታ ከአዲሱ ጎን ያስቀምጣል። በሁለት እጁ ይመዝናቸዋል። አዲሱን በጣቱ አሽከርክሮ ጆሮው ላይ ያስጠጋል። ጽሑፉ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ነው ወይስ ቀለም? ቤንዚን በነካው ጨርቅ ሲያሹት ይለቃል? ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ዕቃው ላይ ያለው አንድ ነው? ገዢው ካርቶን አይቶ ያምናል። ካርቶን ማተም ደግሞ ከሁሉም ይቀላል።

ጫማ ላይ እንኳ እኔም ተበልቻለሁ። ልጅ እያለሁ ለዒድ ብዬ ከአንድ መንገድ ዳር ሻጭ አዲዳስ ገዛሁ። ቤት ስገባ ታናሽ እህቴ መስመሮቹን ቆጠረቻቸው። አራት። አዲዳስ ሦስት ነው። ጫማውን ይዤ ተመለስኩ። ሰውዬው ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀ። «አራተኛዋ ምርቃት ናት» አለኝ። ተናድጄ ሳለሁ ሳቄ መጣ፤ ከሳቅኩ በኋላ ደግሞ መጣላት አልቻልኩም። ሶሉ አረፋን ሳያይ ተገነጠለ።

ፎርጅድ የሸጠልንን ሰው ምን ማድረግ ይቻላል?

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ስለተለጠፈ መብታችሁ አልተሰረዘም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ደረሰኝ ያዙ። ያለ ደረሰኝ ሲገዙ የሚቀነሰው ብር ይችን መብት የምትሸጡበት ዋጋ ነው።

«ኦሞ አለ?» ስንል የትኛውን ኦሞ ነው?

እንግዳ ሰው ሱቅ በር ላይ ቆሞ ቢሰማ ግራ ይገባዋል። «ኦሞ አለ?» «የቱ ኦሞ?» «ርካሹን።» ኦሞ የአንድ ኩባንያ ማርካ ነው፤ እኛ ግን የዱቄት ሳሙናውን ዘር በሙሉ ኦሞ ብለነዋል። ኮልጌትም እንደዚያው፤ የማንም ይሁን የጥርስ ሳሙና ኮልጌት ነው። ሞዴስም የማርካ ስም ነበር፤ ዛሬ የዕቃው ስም ሆኗል። ቡታጋዝ የፈረንሳይ ኩባንያ ስም መሆኑን ለእናቴ ብነግራት አላመነችኝም። ጋዝ የያዘ አምቦ ውሃ ነው፤ አምቦ ራሱ ከ90 ዓመት በላይ ሲጠጣ ስለኖረ አይገርምም። ደሴ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሁሉ ሮቶ ነው፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ሌላ ቢሆንም።

ሃይላንድ ለብቻው ይነሳ። ሃይላንድ መጀመሪያ አካባቢ በፕላስቲክ ጠርሙስ ታሽጎ የመጣ ውሃ ነበር። አሁን ጠርሙሱ ራሱ ሃይላንድ ተብሎ ቀረ። «ባዶ ሃይላንድ ፈልጊልኝ» ይባላል፤ ማር ይገባበታል፣ ዘይት ይገባበታል፣ ጠበል ይቀዳበታል፣ እኔ ሱቅ ደግሞ የፍሬን ዘይት።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የኔው ደንበኞች ናቸው። ባጃጅ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው። ቲቪኤስ ተፎካካሪው ነው። ልጁ መጥቶ «የቲቪኤስ ባጃጅ ካንዴላ ስጠኝ» ይለኛል። እሰጠዋለሁ።

ይሄ ለኩባንያው ክብር ይመስላል፤ ግን አደጋም አለው። ሰው ስሙን እየጠራ የተፎካካሪውን ዕቃ ይዞ ይሄዳል።

የኮምቦልቻ ጊዮርጊስ ይለያል የሚባለው እውነት ነው?

ይሄ ጥያቄ ኮምቦልቻ ውስጥ ወዳጅ ያጣላል። ጊዮርጊስ ቢራ አዲስ አበባ የተጀመረው በ1915 ዓ.ም. ነው። የጊዮርጊስ ባለቤት ቢጂአይ የኮምቦልቻውን ፋብሪካ የከፈተው 1990 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው «የኛ» ይለዋል። «ውሃው ነው የሚለየው» ባይ ብዙ ነው። ቢራ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ክርክሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፋብሪካዎች ግን ውሃውን አክመው ወደሚፈልጉት ነው የሚያመጡት። እኔን የሚያሳምነኝ ትኩስነቱ ነው። ቢራ በቆየ፣ ሙቀትና ብርሃን በነካው ቁጥር ጣዕሙ ይቀየራል። ፋብሪካው አፍንጫ ሥር ያለ ጠጪ ቀን ያልቆጠረ ቢራ ያገኛል።

አንድ ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼ ተወራረዱ። አራት ናቸው፣ አራቱም «ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» ባዮች። እኔ ሶፊ ማልቴን ይዤ ዳኛ ሆንኩ። ብርጭቆዎቹ ሥር ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ለጠፍኩ፤ የተለያየ ቢራ ተቀዳ፤ ቀመሱ። ሁለቱ አገኙት፣ ሁለቱ ሳቱት። ከሳቱት አንዱ «ብርጭቆው በደንብ አልታጠበም» አለ። ሌላው ዝም ብሎ ቆየና የራሱን አዘዘ። ማርካ የቀየረ ግን የለም።

የቢራ ማስታወቂያ ከተከለከለ በኋላ ሰው ማርካውን ረሳ?

አልረሳም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ አስወጥቷል። አስተናጋጁ ግን አሁንም መጥቶ «ያው ነው?» ይላል፤ ጠጪውም «ያው» ይላል። በዚህች አንዲት ቃል ላይ ሌላ ማርካ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ኮካ ወይስ ፔፕሲ?

የፔፕሲ አምራቹ ሞሃ ደሴ ላይ ፋብሪካ ስለከፈተ ፔፕሲና ሚሪንዳ እዚህ ባለቤት ሆነው ኖረዋል። ኮካም ወዳጅ አያጣም። ለስላሳ ላይ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው ታማኝ የሚሆነው ለፍሪጁ ነው። ለባለሱቁ ፍሪጁን የሰጠው ኩባንያ ማን ነው? ግድግዳውን ማን ቀባለት? ጥላውን ማን ሰጠው? የቀዘቀዘው እሱ ነው፣ የሚጠጣውም እሱ ነው። የዒድ ዕለት ግን በሳጥን ሲገዛ የሚወስነው እቤት ያለው ባዶ ጠርሙስ ነው።

የአገር ውስጥ ምርት ታማኝ ገዢ አለው?

አለው እንጂ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ከደርግ ዘመን ጀምሮ አንሶላና ፎጣ ይሠራል። እኛ ቤት የነበረው ፎጣ መጀመሪያ የእንግዳ ነበር፤ ሳጥን ውስጥ ከናፍታሊን ጋር ይቀመጥ ነበር። ቆይቶ የአባቴ ሆነ፣ ቀጥሎ የሁላችን። ጠርዙ ሲተለተል እናቴ ለሁለት ቀደደችው። አሁን ግማሹ ወጥ ቤት መወልወያ ነው፤ በግማሹ እኔ ሱቅ ቅባት እጠርግበታለሁ። ሃያ ዓመት አልፎታል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስም እንዲሁ ነው። ይኮሰኩሳል። ግን ሐምሌ ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲያለብሳት ለስላሳው ከላይ ይጣላል፣ ኮስኳሳው ከውስጥ ይገባል።

«ሀበሻ የአገሩን አይወድም» ሲባል አልስማማም። ሰው የሚጠላው ዛሬ ደህና ሆኖ ነገ የሚቀየረውን ነው። እናቴ አንድ የአገር ውስጥ ሳሙና ለዓመታት ገዛች፤ ማርካውን አልጠራም። አንድ ቀን ወረቀቱ ሳይቀየር ሳሙናው ቀለለ። በእጇ መዘነችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፣ አልከሰሰችም። ደግማም አልገዛችም። ፋብሪካው ይችን ሴት በየትኛው ቀን እንዳጣት ዛሬም አያውቅም።

ዋጋ ሲንር ሰው ማርካ ይቀይራል?

ከሚቀይር ይልቅ ያሳንሳል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ሲወደድ ያየሁት ይሄን ነው። ባለ ኪሎ ኦሞ የሚገዛው ባለ ትንሿ ፌስታል ይገዛል፤ ስሙ ያው ነው። እኔ ጋ ግን ይቀየራል። ጎማና ባትሪ በትንሽ ፌስታል አይሸጥም።

ስልክስ?

ስልክ ላይ ልጆቹ በየዓመቱ ልባቸው ይቀየራል። ቴክኖ ግን ቦታ ይዟል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገጣጠማል፣ ሁለት ሲም ይይዛል፣ ባትሪው ይቆያል። የኔ ዘመን ሰው ልብ ያለው ኖኪያ 1100 ላይ ነው። በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ስልክ ነው። እኛ የወደድንለት ግን አናቱ ላይ ላለችው መብራት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ስንቱን የዳገት ደረጃ በሷ ወጥተናል።

«ደንበኛ» ማለት ማን ነው?

እስቲ ቃሉን እዩት። ገዢው ሻጩን «ደንበኛዬ» ይለዋል። ሻጩም ገዢውን «ደንበኛዬ» ይላል። ደንበኛው ሁለቱም ነው። በዚያ ላይ ደንበኛ ማለት ደንቡን የጠበቀ፣ እውነተኛም ማለት ነው፤ ደንበኛ በርበሬ፣ ደንበኛ ጠጅ፣ ደንበኛ ሌባ ይባላል። ለዚህ ነው «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው መፈክር የማይጥመኝ። ንጉሥ ዱቤ አይጠይቅም። የሰፈራችን ባለሱቅ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈዋል፤ የዱቤ ደብተራቸው ከጽሑፉ ሥር በሲባጎ ተንጠልጥሏል።

እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ሹፌር ማርካ አይጠራም። «አንተ የምታምንበትን ስጠኝ» ነው የሚለው። ይሄ ያስፈራል። ዕቃው መንገድ ላይ ቢከዳው የጃፓኑን ፋብሪካ አይረግምም፤ የሚረግመው እኔን ነው፤ ስሜንም ሰፈሬንም ያውቃል።

የለመድነው ማርካ ገበያ ላይ ቢጠፋስ?

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ህዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሱቆች ተዘረፉ፣ ፋብሪካዎች ቆሙ። ተመልሰን ስንገባ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ያው ባለ ደብተሩ ሐጂ፣ ባዶ መደርደሪያ እየወለወሉ አገኘናቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ በሩብ ዕቃ ከፈቱ። እናቴ ወሽ ወሽ ሻይ ካልሆነ አትጠጣም ነበር። ጠየቀች፤ የለም። ሐጂ ሌላ ፓኬት አውጥተው «ለጊዜው ይሄን ያዢ እህቴ፣ ያንቺው ሲመጣ እደውልልሻለሁ» አሏት። ብር አልተቀበሏትም፤ ደብተር ላይም አልጻፉትም።

ከሦስት ወር በኋላ ስልኳ ጮኸ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ ድምፁ ይሰማል። «እህቴ፣ ወሽ ወሽሽ መጣ፤ ሁለት ላስቀምጥልሽ?»

እናቴ የያዘችውን ሲኒ አየችው። «ኧረ ሐጂ፣ ይሄኛውን አስለምደውኝ አሁን ሊቀይሩብኝ ነው እንዴ?» አለች።